ጕበኛውና ትጉሃን፤ የድካምን ስፍራ ስለ ማስተማር

በግዕዝ ቋንቋ ሙሉ ሆኖ እስከ ዘመናችን በደረሰውና ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር በምትቈጥረው በመጽሐፈ ሄኖክ፥ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ከክብራቸው ወርደው ከሠሩት በደል አንዱ ማስተማር መሆኑን የሚያነብ ሰው፥ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ሳያስደንቀው አይቀርም። አዛዝኤል ሰይፍና ቢላዋ፥ ጋሻና ጥሩር መሥራትን ለሰው ልጆች አሳየ፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ተሰውሮ የነበረውን ነገር ገለጡ፤ ከዚያም በኋላ ምድር በደምና በግፍ ስለ ተሞላች፥ ፍርዱ ሰይፉን በመዘዙት ላይ ብቻ ሳይቀር አሠራሩን በገለጡት ላይም ወረደ። ወደ ነቢዩ ወደ ሕዝቅኤል መጽሐፍ ስንመለስ ግን ያው ፍርድ በተቃራኒው ወገን ላይ ቆሞ እናገኘዋለን፤ በከተማ ላይ የተሾመ ጕበኛ ጦር ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከት ሳይነፋ ቢቀር፥ የሚጠፋው ሰው ደም ከጕበኛው እጅ ይፈለጋል። እነዚያ ስለ ተናገሩ፥ ይህ ዝም ስላለ ይጠየቃሉ።

በእነዚህ በሁለቱ ፍርዶች መካከል ቆሜ ብዙ እንዳስብ ያስገደደኝ፥ ለምድር ባቡር ሠራተኞች የሚሆን፥ ስለ ሳይበር ጥቃትና ስለ መከላከያው የሚያስተምር፥ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና በአማርኛ ለማዘጋጀት ከተሰበሰበ ማኅበር ጋር መሥራቴ ነው። ከማኅበሩ አባሎች አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ፥ አንዳንዶቹ በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፥ በመካከላቸው የኮምፒዩተር መረብ ባለሙያ፥ ዕድሜውን በባቡር ምልክት ሥራ ላይ ያሳለፈ መሐንዲስ፥ ባቡር ነጂ፥ የጣቢያ ሠራተኛና መምህር ይገኛሉ። ከእኔ የሚፈለገው ጽሑፉን በሚነበብ አማርኛ ማቃናት ነበር። ነገር ግን ከየባለሙያው የሚመጣልኝን ዓረፍተ ነገር ሳቃና አንድ ጥያቄ በየገጹ እየተነሣ መንገድ ይዘጋብኝ ጀመር፤ ሠራተኛው ባቡሩን እንዲጠብቅ ባቡሩ በየት በኩል እንደሚጎዳ ማወቅ አለበት፤ በየት በኩል እንደሚጎዳ የሚያስተምር መምህር ደግሞ እንዴት እንደሚጎዳም ማስተማሩ አይቀርም። እንግዲህ የድካምን ስፍራ ማሳየት የትጉሃን በደል ነው ወይስ የጕበኛው ግዴታ? ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ ቢታይም የኅሊና ጥያቄ ነው፤ በኅሊና ካልተፈታም በምሕንድስና አይፈታም።

በባቡር የሚሳፈር ሰው የሚያደርገው ነገር፥ ልብ ብሎ ላስተዋለው፥ ከሃይማኖት ብዙ የራቀ አይደለም። ልጁን በጭኑ አስተኝቶ፥ ራሱንም በመስኮቱ አስደግፎ እንቅልፍ የሚወስደው፥ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሮጥ ብረት ውስጥ ሆኖ፥ መልካቸውን አይቶ በማያውቃቸው ሰዎች ሥራ ታምኖ ነው። የቀድሞው ተሳፋሪ ቢያንስ ነጂውንና በጣቢያው ላይ ባንዲራ ይዞ የቆመውን ሰው በዓይኑ ያይ ነበር፤ የዛሬው ግን ከእነርሱ በስተጀርባ በተሰወሩ፥ እነርሱም ራሳቸው በማያውቋቸው ሰዎች እጅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በኦክቶበር ወር መጨረሻ የዴንማርክ የመንግሥት ባቡር ድርጅት ባቡሮች ለብዙ ሰዓታት ቀጥ ብለው የቆሙት፥ ሐዲድ ተሰብሮ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል ጠፍቶ አልነበረም፤ ነጂዎቹ የፍጥነት ወሰንንና በመንገዱ ላይ ያለውን ሥራ የሚያነቡበትን ሶፍትዌር የሚያቀርብ አንድ ሌላ ኩባንያ ጥቃት ስለ ደረሰበት ሰርቨሮቹን በመዝጋቱ ነበር። መንኰራኩሩ ጤነኛ፥ ነጂው በስፍራው፥ መንገደኛው በመቀመጫው ሳለ፥ ማንም ተሳፋሪ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው ቤት የደረሰ ነገር የአንድን አገር ጉዞ አሰረ። ስለዚህ ተሳፋሪው የሰጠውን እምነት ከተቀበሉት ሰዎች ብዙዎቹ፥ እምነት እንደ ተሰጣቸው እንኳ ሳያውቁ የሚኖሩ ናቸው። እኔ የዚህ ሥልጠና የመጀመሪያው ጥቅም ይህን ለሰዎቹ መንገር ይመስለኛል፤ የይለፍ ቃል አመራረጥና የመረብ አከፋፈል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የባቡር ሰዎች አደራቸውን ያወቁት በደም ነው። በጁን 12 ቀን 1889 በአየርላንድ በአርማ ከተማ አጠገብ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ለሽርሽር የጫነ ረጅም ባቡር አቀበቱን መውጣት ተሳነው። ሠራተኞቹም ባቡሩን ለሁለት ከፍለው የፊተኛውን ክፍል አስቀድመው ለመውሰድ ሲሞክሩ፥ የኋለኛውን ፍሬኑ ሊይዘው ስላልቻለ ቁልቁል ተንከባሎ በስተኋላ ሲመጣ ከነበረው ባቡር ጋር ተጋጨ፤ ሰማንያ ሰዎች ሞቱ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የዚያ ባቡር ዋና ፍሬን ከሎኮሞቲቩ ከተለየ ኃይሉን የሚያጣ ዓይነት ነበር። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ፓርላማ ባወጣው ሕግ መሠረት፥ የመንገደኛ ባቡር ፍሬን ሲቋረጥ በራሱ የሚይዝ እንዲሆን፥ በአንድ የሐዲድ ክፍል ውስጥ ሁለት ባቡር በአንድ ጊዜ እንዳይገኝ፥ ምልክቶችና የሐዲድ መቀየሪያዎችም እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው የሚቃረን ትእዛዝ መስጠት እንዳይችሉ ግዴታ ሆነ። ከዚያም አስቀድሞ በ1872 አሜሪካዊው ዊሊያም ሮቢንሰን የሠራው፥ በሐዲዱ ብረት ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያዘዋውረው መሣሪያ በዚሁ ሐሳብ የቆመ ነበር፤ የባቡር መንኰራኩር ኃይሉን ቢያሳጥረው፥ ሐዲዱ ቢሰበር፥ ባትሪው ቢያልቅ፥ ምልክቱ ወደ «ቁም» ይመለሳል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ኑዛዜ አለበት ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ሰው ይደክማል፥ ብረት ይዝጋል፥ ሽቦ ይበጠሳል፤ እንግዲያውስ ድካማችን በተገለጠ ጊዜ ወደ ሞት ሳይሆን ወደ መቆም እንዲያደርሰን አድርገን እንሥራው ብለው የተነሡት መሐንዲሶች፥ የሰውን ባሕርይ ከብዙ ፈላስፎች ይልቅ በትሕትና ያወቁ ናቸው። ባቡር በተጠራጠረ ጊዜ ይቆማል። ይህ ሕግ ምን ያህል ነፍስ እንዳዳነ ሊቈጠር አይችልም፤ በሰላም ወደ ቤቱ የገባ መንገደኛ በየትኛው ምሽት እንደ ዳነ አያውቅምና።

ነገር ግን ያ ኑዛዜ ያሰበው የዕውር ነገርን ጉዳት ነው። ዝገት አሳብ የለውም፤ ሌሊት አይመርጥም፥ ጠባቂው ሲያንቀላፋ አያደባም፥ አንድ በር ሲዘጋበት ሌላውን አይሞክርም። ፈቃድና ግዕዛን ያለው ጠላት ሲመጣ ግን የጥንቱ ትሕትና ራሱ የሚበዘበዝ ሀብት ይሆናል። በፖላንድ አገር የሆነውን እንይ። በዚያ አገር የባቡር ሬዲዮ ላይ፥ ሦስት የታወቁ ድምፆች ተከታትለው በተላለፉ ጊዜ ያንን የሰሙ ባቡሮች ሁሉ ፍሬን እንዲይዙ የሚያደርግ የአደጋ ጊዜ ሥርዓት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይሠራበታል። በኦገስት 2023 ሰዎች ተራ የሬዲዮ መሣሪያ ይዘው እነዚያን ድምፆች አስተላለፉ፤ በሽቼቺን ከተማ አካባቢ በአንድ ሌሊት ሃያ ያህል ባቡሮች ቆሙ፤ በሬዲዮው ላይም የሩስያ ብሔራዊ መዝሙር ተሰማ። የሞተ ሰው የለም፤ ሥርዓቱ የታዘዘውን አድርጓልና፥ ባቡሮቹን አቁሟል። በዚያው ሰሞን በሌላ ከተማ በተመሳሳይ ድርጊት ተጠርጥረው ከተያዙት ሁለት ሰዎች አንዱ የፖሊስ ባልደረባ መሆኑ ሲነገር፥ ነገሩ የሹመትን ነገር ለሚያስብ ሰው ሌላ ሐዘን ጨመረበት።

ያ የሬዲዮ ሥርዓት ጠሪውን ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም። አለመጠየቁም ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ጎረቤት ኡኡታ በሰማ ጊዜ ማን ጮኸ፥ ለምን ጮኸ ሳይል ዱላውን ይዞ እንደሚወጣ፥ ያም ሥርዓት ማንም ሰው፥ በየትኛውም ስፍራ፥ አደጋ ባየ ጊዜ ባቡርን ማቆም እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው። ስሙን ሳያስመዘግብ የሚጮኽ ሰው እንዲሰማ የተሠራ ደግነት ነበር። ክፉው ሰው የገባው በዚያው ደግነት በኩል ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያሰብሁት ነገር ቢኖር፥ መድኃኒቱ በቀላሉ የሚገኝ አለመሆኑ ነው፤ ጠሪው ማንነቱን ካላስመሰከረ አንሰማም ብንል፥ አንድ ቀን ሐዲድ የተሰበረበትን ስፍራ ያየ፥ ግን መታወቂያው ያልሠራለት ሰው በከንቱ ይጮኻል። የጠሪውን መሣሪያ ለይቶ በሚያውቅ ዲጂታል ሬዲዮ የመተካቱ ሥራ በዚያ አገር ቀደም ሲል ተጀምሮ ነበር፤ መልካም ነው፤ ሆኖም ማን እንደ ጮኸ ማወቅና ጩኸቱ እውነት መሆኑን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ይኖራሉ።

የማኅበራችን ክርክር የተነሣው ይህን ታሪክ በሚናገረው ገጽ ላይ ነው። ረቂቁን የጻፈችው የኮምፒዩተር መረብ ባለሙያዋ ወጣት፥ ተማሪው ነገሩን ጠንቅቆ እንዲያውቅ ብላ፥ የሬዲዮውን የሞገድ ቁጥርና የድምፆቹን ልክ በሙሉ አስገብታ ነበር። ሽማግሌው የምልክት መሐንዲስ ገጹን በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ እያየ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ በኋላም ቁጥሩ እንዲወጣ ጠየቀ።

«ጋሼ፥ ቁጥሩ እኮ የተሰወረ አይደለም» አለችው፤ «እርስዎ ቢተዉት ሌላው ከየትም ፈልጎ ያገኘዋል።»

«ሊያገኘው መቻሉና እኔ በእጁ ማስቀመጤ አንድ አይደለም፥ ልጄ» አላት። «ለጣቢያ ሠራተኛ ይህ ቁጥር ምን ይሠራለታል? እሱ ማወቅ ያለበት ባቡሩ ባልታወቀ ጥሪ ሲቆም ለማን እንደሚደውልና ነጂው መቼ እንደገና እንዲንቀሳቀስ እንደሚፈቀድለት ነው። እሱን ደግሞ አልጻፍሽውም።»

ሁለቱም እውነት ይዘዋል። የወጣቷ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1851 በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተደረገበት ዓመት፥ አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ የቁልፍ ሠሪ የብራማን ቁልፍ፥ ማለትም ከ1790 ጀምሮ በሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ያለ መክፈቻው የሚከፍተኝን እሸልማለሁ ሲል የኖረውን ቁልፍ፥ በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ በጠቅላላው ሃምሳ አንድ ሰዓት ደክሞ ከፈተው። ከተማው ተሸበረ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ማሳየት ሌባን ማስተማር ነው የሚል ወቀሳ ተነሣ። ሆብስ የመለሰው፥ ሌቦች በሙያቸው የበረቱ ስለሆኑ እኛ ልናስተምራቸው ከምንችለው ይልቅ ቀድመው ያውቃሉ፤ ዝምታችን የሚጎዳው ቁልፉን አምኖ የሚገዛውን ቅን ሰው ነው የሚል ነበር። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1883፥ ኦግስት ኬርክሆፍስ የምሥጢር ጽሕፈትን ሕግጋት ሲጽፍ፥ አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ የማይጎዳ፥ ምሥጢርነቱ በመክፈቻው ብቻ የሚጸና ሥርዓት እንዲሠራ አዘዘ። በድብቅነት ብቻ የቆመ ጥበቃ ጥበቃ አይደለም የሚለው የዘመናችን ሊቃውንት ትምህርት ከእነዚህ ሰዎች ይመነጫል፤ እኔም እቀበለዋለሁ።

ይሁን እንጂ ይህ ክርክር ዝምታ እንደማይጠብቀን ያስረዳል እንጂ፥ ተናጋሪው ለሰሚው ምን ዕዳ እንዳለበት አይናገርም። ሌባው ቀድሞ ያውቃል ማለት፥ እኔ ከተናገርሁ በኋላ ተነሥቼ ልሂድ ማለት አይደለም። ወደ ሁለቱ መጻሕፍት ስመለስ በትጉሃንና በጕበኛው መካከል ያለው ልዩነት መናገርና ዝም ማለት ሆኖ አልታየኝም። አዛዝኤል ሰይፉን ለሰው ባሳየ ጊዜ በዚያ ሰይፍ የሚታረደው እሱ አልነበረም፤ ዕውቀቱን ሰጠ እንጂ ዕውቀቱ ከሚያመጣው መከራ ተካፋይ አልሆነም። ጕበኛው ግን የሚኖረው በዚያው በሚጠብቀው ከተማ ውስጥ ነው፤ ቤቱ፥ ሚስቱና ልጆቹ ጦሩ በሚመጣበት መንገድ ላይ ናቸው፤ ቀንደ መለከቱንም የሚነፋው የሚሰሙት፥ በሩንም የሚዘጉት ሰዎች ስላሉ ነው። የድካምን ስፍራ ማሳየት ንጹሕ የሚሆነው፥ የሚያሳየው ሰው ከድካሙ በታች ከሚኖሩት ጋር አብሮ ሲቆምና፥ ለሚያሳያቸው ሰዎች ሥራ ሲሰጣቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሽማግሌው በገጹ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ ባልተጻፈው የስልክ ጥሪ ላይ መቆጣቱ፥ የነገሩን ሥር የነካ ቍጣ ነበር።

ይህን የድካምን ስፍራ የማሳየትና ሥራ የመስጠት አደራ አንድ ሰው ብቻውን ሊወጣው አይችልም፤ ሙሉውን የሚያውቅ የለምና። በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ፥ ካህናት በአንድ በኩል፥ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች በሌላ በኩል ተሰልፈው፥ ብዙዎቹም በየቤታቸው አንጻር ያለውን ፍራሽ እንዳደሱ ተጽፏል። ሽቱ ቀማሚ ድንጋይ ጠራቢ አይደለም፤ ነገር ግን በቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ፍራሽ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቀው ማን ነው? በእኛም ጉባኤ እንዲሁ ሆነ። የኮምፒዩተር ባለሙያዋ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ሶፍትዌሩ ዛሬውኑ ይታደስ ትላለች፤ በቢሮ ኮምፒዩተር ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው። የምልክት መሐንዲሱ ግን ባቡሮችን ከግጭት የሚጠብቀው መሣሪያ አንዲት ነገር በተለወጠችበት ቁጥር ሰው እንደማይገድል እንደገና መፈተንና መመስከር እንዳለበት፥ ሠላሳ ዓመት እንዲያገለግል የተተከለ ዕቃም በየሳምንቱ የሚለዋወጥ እንዳልሆነ ያስረዳል። እርሷ ክፉ ሰውን፥ እርሱ ዕውር ጉዳትን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ሁለቱም በእውነተኛ አደጋ ላይ የተመሠረተ ነው። በአውሮፓ የኤሌክትሮቴክኒክ ደረጃ አውጪው ኮሚቴ፥ ሴኔሌክ፥ በ2021 ያወጣው 50701 የተባለው ሰነድ እነዚህን ሁለት ፍርሃቶች በአንድ ሥርዓት ለማስታረቅ የተደረገ ሙከራ ነው። እኛ ግን በትምህርቱ ገጽ ላይ ልናስታርቃቸው አልቸኰልንም። የሀገራችን መምህራን በትርጓሜ ጉባኤ የሊቃውንቱን ልዩ ልዩ አሳብ «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን እንደሚያቆሙት፥ አንዱንም በሌላው እንደማይሰርዙት፥ የሁለቱን ባለሙያዎች ፍርድ በየራሱ ቃል አቁመን፥ ተማሪው በራሱ ጣቢያ የትኛው እንደሚጸና ከአለቃው ጋር እንዲመረምር አደረግን።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን ግን በስብሰባው ላይ እምብዛም የማይናገረው የጣቢያ ሠራተኛ ነበር። በጁላይ 2021 በኢራን የባቡር ጣቢያዎች የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ሰርጎ ገቦች ሐሰተኛ የመዘግየት ወሬ ጽፈው፥ መንገደኞች ለመረጃ እንዲደውሉበት ብለው የአገሪቱ ጠቅላይ መሪ ጽሕፈት ቤት የሆነ የስልክ ቁጥር መስጠታቸውን ስንጽፍ፥ እኛ የምናስበው ስለ ሰሌዳው ጥገና ነበር። እሱ ግን፥ ሰሌዳው ሲዋሽ መንገደኛው የሚያምነው ሰሌዳውን እንጂ በአጠገቡ የቆመውን ሰው እንዳልሆነ፥ ሠራተኛው እውነቱን ሲናገር እንደ ውሸታም እንደሚሰደብ፥ በዚያች ሰዓት ምን ብሎ፥ በምን ድምፅ፥ ከየት ቆሞ እንደሚናገር ማንም እንዳላስተማረው ነገረን። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ተጻፈ።

በኢንተርኔት ማስተማር ራሱ ያመጣው ሥጋት ደግሞ አለ። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ተማሪውን በድምፁ፥ በትጋቱና በጠባዩ ለብዙ ዓመት ያውቀዋል፤ ለመቀበል የበቃ መስሎ ያልታየውን ወደሚቀጥለው አያሳልፈውም። በመስተዋት በኩል የሚያስተምር ሰው ግን ተማሪው ማን እንደ ሆነ፥ ገጹን አንብቦ ይሁን ወይም ቡና እየጠጣ ጣቱን ብቻ እያንቀሳቀሰ አያይም፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይታተማል። ወረቀት ሥራን ሲተካ የሚመጣውን የክላፕሃም አደጋ አሳይቶናል። በዲሴምበር 12 ቀን 1988 በደቡብ ለንደን በክላፕሃም መጋጠሚያ አጠገብ፥ ምልክቶች በሚታደሱበት ሥራ ላይ ተቆርጦ መወገድ የነበረበት አንድ አሮጌ ሽቦ በቦታው ቀርቶ፥ በኋላም የቀድሞ መጋጠሚያውን ነክቶ ሐሰተኛ ኃይል ስለ ሰጠ፥ ምልክቱ ባቡር በፊቱ ቆሞ ሳለ ቀይ ሊሆን አልቻለም፤ ሠላሳ አምስት ሰዎች ሞቱ። ሽቦውን የተወው ሠራተኛ በአሥራ ሦስት ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ እንደ ነበር፥ በሌላ ሰው መደረግ የነበረበት የሽቦ ቈጠራም እንዳልተደረገ በአንቶኒ ሂደን የተመራው ምርመራ አረጋገጠ። ፈተና የሚባል ነገር በደንቡ ነበረ፤ በሥራው ላይ ግን አልነበረም። እንግዲህ ከመልሶቹ መካከል ትክክለኛውን ፊደል ምረጥ በሚል ብቻ የሚያልቅ ሥልጠና፥ እንዲህ ያለ ስም ብቻ የሆነ ፈተና የሚያበዛ ነው፤ በዚህ ላይ ማኅበሩ በአንድ ድምፅ ተስማምቷል። በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ተማሪው ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚሠራው ነገር አለ፤ በሥራ ቦታው ማን የእንግዳ ባለሙያን ላፕቶፕ ከመሣሪያው ጋር እንዲያገናኝ እንደሚፈቅድ ይጠይቃል፤ ችግር ሲደርስ የሚደወልበትን ስልክ ደውሎ የሚያነሣ ሰው መኖሩን ያረጋግጣል፤ የቅርብ አለቃውም መሠራቱን ይመሰክራል። ደክሞ የመጣ ሠራተኛ ደግሞ ድካሙን ለአለቃው መናገር ግዴታው እንደ ሆነ፥ አለቃውም መስማት ግዴታው እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ተጽፏል።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰበት ዘመን ባቡርን መጉዳት የሚፈልግ ሰው በእግሩ ሄዶ ሐዲዱን መንቀል ነበረበት፤ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርና ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ግን የሚንቀሳቀሱት በኮምፒዩተርና በሬዲዮ እየታገዙ ነው። የአገሪቱ የወጪና የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ፥ ያንን መስመር የሚጠብቀው ወጣት ስለ ሥራው የሚያነበው አብዛኛው በባዕድ ቋንቋ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሰው ሥጋቱንና ኃላፊነቱን አሳምሮ የሚረዳው እናቱ በመከረችው ቋንቋ ነው፤ መጽሐፉን በውጭ ቋንቋ አንብቦ ፈተናውን ያለፈ ሰው እንኳ፥ አደጋ ሲደርስ ለባልደረባው የሚጮኸው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፥ በሶማልኛ ወይም በአፋርኛ ነው። ሥልጠናው ወደ ሌሎቹም ቋንቋዎች እንዲዛወር ያለኝ ምኞት ከዚህ የመጣ ነው።

በመጨረሻ ያከራከረን፥ ሥልጠናው ለማንም ክፍት ይሁን ወይስ ለባቡር ሠራተኞች ብቻ የሚለው ነበር። ወጣቷ ሁሉም ይከፈት አለች፤ ሽማግሌው ሁሉም ይዘጋ ባይልም፥ ዛሬ ሠራተኛ የሆነ ነገ ተቀይሞ ሊሄድ እንደሚችል፥ የፖላንዱም ወሬ ሹመት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን እንደሚያሳይ አሰበ። የተስማማንበት እንዲህ ነው። ታሪኩ፥ የጥቃቱ ዓይነት፥ የጥበቃው መሠረተ ሐሳብ፥ ሰሌዳ ሲዋሽና ሬዲዮ ሲሳሳት የሚደረገው ነገር ለማንም ክፍት ሆነ፤ ተሳፋሪውም ቢያነበው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። የአንድ ጣቢያ ወይም የአንድ መሣሪያ የግል ድካም ግን በኢንተርኔት በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ጨርሶ አልገባም፤ እሱ በሥራው ስፍራ፥ አለቃው በሚያውቀው ሰው ፊት፥ ድካሙን የሚያስወግድበት መሣሪያና ጊዜ ከተሰጠው በኋላ፥ በቃል የሚነገር ሆነ። የፖላንዱ ገጽም የሞገድ ቁጥሩ ተነሥቶለት፥ በቁጥሩ ስፍራ የስልክ ጥሪው ሥርዓት ገብቶበት ወጣ። ወጣቷ ስሟን በገጹ ሥር ስታስቀምጥ የሽማግሌው ስም ከእርሷ ቀጥሎ እንዲገባ ጠየቀች፤ እሱም የጣቢያው ሠራተኛ ስም ካልቀደመ አይሆንም ስላለ፥ ሦስቱ ስሞች እሱ ባለው ተራ ተጽፈዋል፤ ከተማሪዎች መካከል ስሕተት ያገኘ ሰው የሚጽፍበት አድራሻም ከስሞቹ በታች አለ፤ መልስ የመስጠቱም ተራ በየወሩ ከሦስቱ ለአንዱ ይደርሳል።